ፊሽካ ለማትሰማው ልጄ የስካውት አባልነት ስለ መከልከሉ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር አቶ ዓምደ ሚካኤል
የንጋት ጮራ ስካውት ቡድን ሰብሳቢ
መሐል ሜዳ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? በተለይ ቀኝ ቁርጭምጭሚትዎ እንደምን ሰነበተ? እኔና ቤተሰቤ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከብርዱ በስተቀር ደህና ነን።

እኔ ወዳጆ እባላለሁ፤ ከገበያው በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል የምሠራ፣ የቡድንዎን ሃያ አራት አረንጓዴ ሻርፖች የሰፋሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሻርፖቹን በካውያ የተኮሰቻቸው የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ገሊላ ናት። ገሊላ በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ ከተረፈች ወዲህ ጆሮዋ አይሰማም፤ ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ የምልክት ቋንቋ ተምራ ተመልሳለች። ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ክፍት ማድረጌ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ስላጣሁዎት አይደለም፤ የዋሉልን ውለታ በእኔና በእርስዎ መካከል ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ በጥቅምት ወር የምዝገባ ዕለት ላሳዩን ፍትሕ አመሰግናለሁ። ገሊላ ከጎረቤታችን ልጅ ከመሲ ጋር ተሰልፋ ሳለ፣ ልጆቹን ሁሉ ጀርባቸውን አሰጥተው ፊሽካ ነፉ፤ የዞረ ተመዘገበ። ልጄ ግን ተራራውን እያየች እንደ ቆመች ቀረች። መሲ «ጋሼ፣ እሷ'ኮ አትሰማም፤ ፊት ለፊት ቆመው እጅዎን ያንሡላት» ብትልዎ፣ «ስካውት የሚመራው በፊሽካ ነው፤ ሕግ ሕግ ነው!» ብለው በማያወላውል ድምፅ መለሱላት። ሕጉን ለማወቅ ጓጉቼ የቡድኑን መመሪያ ተውሼ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ስካውት የሁሉም ጓደኛ እንደሆነ የሚናገር መስመር አገኘሁ፤ ፊሽካ የሚል ግን አላገኘሁም። ምናልባት ዓይኔ ደክሞ ይሆናል፤ እርግጥ እስካሁን ክር በመርፌ ቀዳዳ የማስገባው ያለ መነጽር ነው።

ሁለተኛ፣ ለልጄ ደኅንነት ስለ ተጨነቁልኝ አመሰግናለሁ። በኅዳር ሁለተኛ ማመልከቻ ሳቀርብ «ገደል አፋፍ ላይ ብትጠራ አትሰማም፤ ለራሷው ብዬ ነው» ብለውኛል። ስለዚህ ገሊላ ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምዱን በአጥር ላይ ሆና ታይ ጀመር። ሲያልቅ መሲ እኛ ቤት ትመጣና የተማሩትን ትነግራታለች፤ ገሊላ በፋንታዋ የእጅ ምልክት ታስተምራታለች። ቆየት ብሎ መሲ ሁለት ልጆች አስከትላ መጣች፤ ለገና ዘጠኝ ሆኑ፤ እኔም መቀሴን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።

ሦስተኛው ጉዳይ በጥር ወር የተደረገው የቡድኑ ጉዞ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ዘርዘር ባደርግ እንዳይቀየሙኝ።

የተቀደዱትን ድንኳኖች ጠግኜ በአህያ እንዳመጣልዎ አዝዘውኝ ነበርና ገሊላን ይዤ እናንተ ወዳላችሁበት ገደል አፋፍ ድረስ መጣሁ። እርስዎ መሲን ጨምሮ ሰባት ልጆች አስከትለው ወርደው ወደ ማዶ ተሻግረዋል፤ የቀሩት ከረዳትዎ ከመምህርት ጥሩሸዋ ጋር ከእኛ ወገን ናቸው። ማዶ ቁጭ ሲሉ አየንዎት። እውነቱን ልናገርና፣ ምሳ የሚበሉ መስሎኝ ነበር። ለካ ድንጋይ አንሸራትቶዎት ኖሯል። ፊሽካዎን ምን ያህል ጊዜ እንደ ነፉት እርስዎ ያውቃሉ፤ ነፋሱ ሁሉንም ጠራርጎ ወደ ቆላ ይዞት ወረደ። መምህርት ጥሩሸዋ ጆሯቸውን አቅንተው «ወፍ ነው መሰለኝ» አሉ። ስልክ ተሞከረ፤ ኔትወርክ የለም።

ያን ጊዜ መሲ አንድ ቋጥኝ ላይ ወጥታ ሁለት እጆቿን ማወናጨፍ ያዘች። ሌላው ሰው የምትጨፍር መሰለው። ገሊላ ግን የኮቴን እጅጌ ጎተተችና ደብተሯን አውጥታ «ጋሼ እግራቸው ተጎድቷል። መራመድ አይችሉም። በላይ በኩል በቅሎ አምጡ» ብላ ጻፈችልን። ቀጥላም በእጇ «ደም አለ?» ብላ ማዶ ጠየቀች። መሲ «የለም፤ እንባ ብቻ» ብላ መለሰች። ይህችን ቃል እንኳ ገሊላ ከጻፈቻት በኋላ ልትሰርዝልዎ ፈልጋ ነበር፤ ቀድሜ ደብተሩን ያየሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በላይኛው መንገድ ሮጠን፣ ከአንድ ገበሬ በቅሎ ለምነን፣ ጉሙ ገደሉን ሳይሞላው ደረስንልዎ። ወለምታ እንጂ ስብራት ባለመሆኑ ሁላችንም ደስ ብሎናል። በቅሎዋ ላይ ሲቀመጡም ግርማ ሞገስ ነበረዎት።

አራተኛ፣ ስለዚህ ጉዳይ የጻፉትን ሪፖርት መምህርት ጥሩሸዋ አሳይተውኝ በአድናቆት አነበብሁት። ቡድኑ «በሠለጠነ የፊሽካ ግንኙነት» መሪውን እንዳዳነ ይናገራል፤ በዚሁም የምስክር ወረቀት ተሸልማችኋል፤ እንኳን ደስ አላችሁ! ለሦስተኛው ማመልከቻዬ የሰጡኝን መልስ ለመረዳት ግን ደጋግሜ ማንበብ አስፈልጎኛል፤ ገሊላ «አባል ሳትሆን በቡድኑ ግንኙነት ጣልቃ በመግባቷ» ጥያቄዋ ለጊዜው አይታይም ይላል። ጣልቃ ባትገባ ኖሮ ይህን መልስ ማን ይፈርምልኝ እንደ ነበር ሳስብ ከረምሁ።

ወደ ባለፈው ቅዳሜ ልምጣ። የቃለ መሐላው ዕለት ነበር። እርስዎ በከዘራ ተደግፈው ከፊት ቆመዋል፤ እኔና ገሊላ ከወላጆች ጋር ከዳር ነን። «ጀምሩ!» አሉ። መሲ አፏን ገጥማ በእጇ ጀመረች። ከጎኗ ያለው ቀጠለ፤ ከዚያ ዘጠኙ፤ ከዚያ ሃያ አራቱም። ሌሎቹን መቼ እንዳስተማሯቸው ለእኔም አልነገሩኝም። ሜዳው ጸጥ አለ። እርስዎ ብቻ «ድምፅ! ድምፅ አይሰማም!» እያሉ ይጮኹ ነበር።

ገሊላ ሁሉንም ሰማች። ልጄ ከአጠገቤ ሄዳ ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆመች፤ ልጆቹም ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት። መሐላውን ለእሷ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።

ቤት ስንገባ በደነዘዙ ጣቶቼ «እንዲመዘግቡሽ ደግሜ ልጠይቃቸው?» አልኋት። ስቃ «አባዬ፣ እኔ'ኮ ገብቻለሁ። የቀሩት እሳቸው ናቸው» አለችኝ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ማመልከቻዬን በታላቅ ትሕትና አንሥቻለሁ፤ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ አይድከሙ።

ክብርዎን ከልቡ የሚጠብቅ፣ ረጅም ዕድሜና ጽኑ እግር የሚመኝልዎ፣ የሱሪዎንም ወገብ በየዓመቱ ለማንም ሳይናገር የሚያሰፋልዎ፣

ልብስ ሰፊው ወዳጆ

ማሳሰቢያ፦ በምልክት ቋንቋ ለአንድ ሰው የእጅ ስም የሚያወጡለት ሲያውቁት ነው። ልጆቹ ለእርስዎም አውጥተውልዎታል፤ በሰልፍ መሐል አገጫቸውን ቀና አድርገው ሆዳቸውን መታ መታ ሲያደርጉ ካዩ ስለ እርስዎ እያወሩ ነው። ቀጥሎ የሚሉትን ልተረጉምልዎ አልደፍርም፤ ቅዳሜ ከሰዓት እቤቴ መጥተው ቢማሩ ግን በሩ ክፍት ነው። አስተማሪዋ ገሊላ ናት፤ ጀማሪዎች የሚቀመጡት መሬት ላይ ነው።