ከደጋን የተላከው ደብዳቤ

የካቲት 3 ቀን 1974
ደሴ። ብርድ። ፒያሳ ሻይ ጠጥቼ ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው ሰበሰበን። ለመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ለክፍለ ሀገሩ አንድ ዋና ተናጋሪ ይመረጣል። አንድ ብቻ! ንግግር ካደረጋችሁበት ቦታ ሁሉ ማህተም ያረፈበት የምስክር ደብዳቤ አምጡ አለ።

ስድስት ዓመት ሙሉ የኖርኩት በንግግር ነው። ከእኔ ሌላ ማን ሊሆን? ዘይኑልአቢዲን ካልሆነ በቀር... መሥሪያ ቤቱ ከገባ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ስሙን ስጽፍ እንኳ ያቃጥለኛል።

የካቲት 9
ኮምቦልቻ ዋልኩ። ሦስት ቀበሌ። ሁሉም ያሉኝ አንድ ነው። «ጓድ ስማቸው፣ አንተው ጻፈውና ማህተሙን እኛ እንመታልሃለን።» ጻፍኩ። «አንደበተ ርቱዕ፣ ሰፊውን ሕዝብ ከድንቁርና እንቅልፍ የቀሰቀሰ...» ራስን ማሞገስ መጀመሪያ ያሳፍራል። ሦስተኛው ላይ እጄ ለመደ።

«ዘይኑልአቢዲንስ መጥቶ አስጽፏል?» ብዬ ጠየቅሁ።
«ኸረ እሱ! መቼ ደብዳቤ ይጠይቃል!»
ምን እንዲህ ፈገግ ያሰኛቸዋል?

የካቲት 12
የኔነሽ «ምን ሆነሃል? ምግቡን እኮ አልነካኸውም» አለችኝ። ምንም አልሆንኩም አልኳት። ሚስት ይታወቃታል።

የካቲት 16
ደጋን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሙሄዲን ዘጠነኛውን ማህተም መታልኝ። ስወጣ አንዲት ሴት በር ላይ ጠበቀችኝ። ኡሙሰልማ ትባላለች፣ የስድስት ልጆች እናት።
«ጌታው፣ ከደሴ አይደሉ? ይችን ደብዳቤ ለዘይኑልአቢዲን ያድርሱልኝ። ወላሂ አደራ!»

አውቶቡስ ላይ ከፈትኩት። አዎ፣ ከፈትኩት። የደብተር ወረቀት፣ በእርሳስ የተጻፈ። ፊደሎቹ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች።
«ዘይኑልአቢዲን እንደምነህ። ከኛ ጋር መሬት ተቀምጠህ ባታጫውተን አልማርም ነበር። ይህን ማንም አልጻፈልኝም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አሏህ ይስጥህ።»

ይኸው ነው። የእኔን ዘጠኝ ደብዳቤ ማን ጻፈው? እኔው። ቀናሁ። ሌላ ስም ምን ያደርግለታል፣ ቀናሁ! ለእኔ ማን እንዲህ ብሎ ያውቃል?
ነገ እሰጠዋለሁ።

የካቲት 17
አልሰጠሁትም።

የካቲት 29
ደብዳቤዎቹን አስረከብን። የእኔ ዘጠኝ፣ የዘይኑልአቢዲን ሁለት፣ እነሱም ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት። ኃላፊው ገረመው።
«ካስተማርካቸው አንድ ሰው እንኳ አልጻፈልህም?»
«እንዲጽፉ እንጂ እንዲጽፉልኝ መች ነገርኳቸው» አለና ሳቀ።
ወረቀቷ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረች። አላወጣኋትም።

መጋቢት 4
ተመረጥኩ። ዘይኑልአቢዲን አቀፈኝ። «ማሻአላህ፣ ይገባሃል» አለኝ። ከልቡ ነው። ምነው በሰደበኝ! ያሸነፍኩት እኔ፣ አሁንም የምቀናው እኔ። እንዲህ በሰው ደስታ መደሰት መቻሉ ራሱ ያበግነኛል...

መጋቢት 20
በአዲሱ ሹመት ደጋን ተናገርኩ። ተጨበጨበ። በዓይኔ ኡሙሰልማን ፈለግኩ፣ የለችም። «ትምህርቱን ትታዋለች» አለኝ ሙሄዲን። ለምን ሄጄ እንዳየኋት አላውቅም። በሯ ላይ ማሽላ ታበጥራለች።

ገና ሰላም ሳልላት «ደብዳቤዬን ሰጡልኝ?» አለች። መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች። «ግድ የለም ይተዉት። መልስ ሲጠፋ ገባኝ። ፊደሌ አይነበብም። በዚህ ዕድሜዬ ምን ቆርጦኝ ጻፍኩ!» ሳቀች። ደብተሩን ለልጇ ሰጥታዋለች።

ይነበባል፣ አንብቤዋለሁ ማለት አቃተኝ። ሺህ ሰው ፊት ያልጠፋኝ ቃል በአንዲት ሴት ፊት ጠፋኝ።

መጋቢት 21
ለዘይኑልአቢዲን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። መጀመሪያ ፊቱ በራ።
«መቼ ሰጠችህ?»
«የካቲት አሥራ ስድስት።»
ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። ፊደሌ አይነበብም ብላ ትምህርቱን እንደተወች ስነግረው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር።
«ሹመቱን አሏህ ይባርክልህ፣ እሱን አልጠይቅህም» አለኝ በመጨረሻ። «ለእሷ ግን አንተ ጻፍላት። እኔ ብጽፍ ልቧን ላለማሳዘን የዋሸሁ ይመስላታል።»

መጋቢት 23
ጠዋት ጀምሬ ምሳ ሰዓት ጨረስኩ። አምስት ወረቀት ቀደድኩ። እንዲቀልላት በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት።
«እህቴ ኡሙሰልማ፣ ደብዳቤሽን የሰጠሽኝ ዕለት አንብቤዋለሁ። አንድም ፊደል አልጠፋኝም። ለዘይኑልአቢዲን ያልሰጠሁት ስለ ቀናሁበት ነው። ስማቸው።»

ግልባጩን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። የሚያደርገውን ያድርግ። የኔነሽም ሰማች፣ ቀና ብላ አየችኝ።
ዋናውን ነገ ራሴ ይዤ ደጋን እወርዳለሁ። እኔ አላነብላትም። እዚያው ፊቴ እሷ ታንብበው።