ለሁለት መንገደኞች ሳይጠየቁ ስለተጣለላቸው ማዕቀብ

ለባሕር ዳርቻውን፣ ለነፋስም መንገዱን በወሰነ በእግዚአብሔር ስም፤

ለክብርት ወይዘሮ ሉኔ ስካውቢ፣ የቬስተርኔስ ከተማ ከንቲባ፤ በእርስዎም በኩል ለተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት በሙሉ፤

ክብርት ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ወር በአዳራሹ ደጃፍ ባለ ቀስተ ደመናውን ሰንደቅ ለመስቀል መሰላል ላይ ሲወጡ፣ የሰሜኑ ነፋስ እንዳይጥልዎ በአደባባዩ ቆሜ ጸልዬ ነበርና፣ በደህና ስለወረዱ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። እኔ ላውሪትስ ብሮግ እባላለሁ። በከተማችን ቤተ ክርስቲያን ሠላሳ አራት ዓመት ደወል ደውዬ፣ በር ከፍቼና ዘግቼ፣ አሁን በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዳዊት ከደገምሁ በኋላ የሚተርፈኝን ጊዜ የምክር ቤቱን መግለጫዎች እስከ መጨረሻው አንቀጽ በማንበብ አሳልፋለሁ፤ ዛሬ ብዕር ያስነሣኝም ይኸው ክፉ ልማዴ ነው።

ምክር ቤታችሁ ባሕር ማዶ ያለችው እህት ከተማችን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን «አንፈልጋቸውም» ብላ በአደባባይ ማወጇን በሰማ ጊዜ፣ የዓመቱን የወዳጅነት ጉዞ ሰርዞ፣ «በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መንገደኞቻችን ስም» ማዕቀብ ጥሏል። ቃለ ጉባኤው እንደሚመሰክረው ውይይቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጅቶ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። እኔ በዚህ ጉዳይ መጻሕፍትን ስመረምር፣ ከራሴም ጋር ስሟገት ሃያ ዓመት የፈጀብኝ ዘገምተኛ ነኝና፣ በአሥራ አንድ ደቂቃ ለደረሳችሁበት ጽድቅ ቆቤን አውልቄ እጅ እነሣለሁ። ቅሬታዎቼ ግን እነሆ።

አንደኛ፤ የተናገራችሁላቸው መንገደኞች ቁጥር ሁለት ነው። በዚህ ከተማ ወደዚያች ከተማ የሚሄዱ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ኦርጋን ቃኚው አይናር ቶሩፕና ባለቤቱ ቪላድስ ብቻ ናቸው፤ ሲጋቡም ደወሉን የደወልሁት እኔ ነኝ። በዚሁ የወዳጅነት ጉዞ በየመስከረሙ እየሄዱ የዚያችን ከተማ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ኦርጋን ይቃኙ ነበር። ይህ ሥራ በአንድ ሰው አይሆንም፤ አንዱ በቧንቧዎቹ መካከል ገብቶ ያቃናል፣ ሌላው ከውጭ ተቀምጦ እያንዳንዱን ድምፅ ተጭኖ ይይዝለታል። ቤታቸው ከአዳራሻችሁ ሁለት መቶ እርምጃ ይርቃል። ሆኖም ቪላድስ በስሙ የተጣለውን ማዕቀብ የሰማው ዳቦ ቤት ተሰልፎ ሳለ፣ በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ «እንኳን ደስ አለህ!» ስትለው፣ «ምን አገኘሁ?» ብሎ እንደጠየቃት ነግራኛለች።

ነቢዩ ዮናስም ነነዌን ላለማየት ወደ ተርሴስ በሸሸ ጊዜ የጉዞ ማዕቀብ መጣሉ ነበር። የእርሱ ማዕቀብ ከእናንተው በአንድ ነገር ይለያል፤ መሄድ የነበረበት ራሱ ነበር።

ሁለተኛ፤ ማዕቀቡ ከእናንተ በፊት በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ያለ ሰንደቅና ያለ ፎቶግራፍ፣ ሦስት ዓመት ሲሠራበት ቆይቷል። የጣለውም ቪላድስ ነው። በመጨረሻው ጉዟቸው በገበያ መካከል አንድ ሰው ጫማው ላይ ስለተፋበት፣ «ከእንግዲህ እግሬን አላነሣም» አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ ለመያዝ ከአይናር ጋር የምሄደው እኔ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ የአተር ሾርባ የምጠጣው ከእነርሱ ዘንድ ነውና፣ መስከረም ሲቃረብ የሚነሣውን ክርክር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ምክር ቤታችሁ ሳይሰማው ስለወሰነም እዚህ ላይ እንዳለ ልጻፍለት።

«አሥር ዓመት ሙሉ ‹ረዳቱ› እየተባልሁ!» ይላል ቪላድስ። «አንተን ቄሱ ቤት ያሳድሩሃል፣ እኔን ከወንዝ ማዶ ዶሮ አርቢዋ ዘንድ ይወረውሩኛል!»

«ዶሮዎቹ እኮ ወደውህ ነበር» ይላል አይናር።

«ዶሮዎቹማ ወደውኛል! ሌላ የወደደኝ ካለ ጥራ እስቲ።»

«ኦርጋን መቺው።»

በዚህ ጊዜ ቪላድስ ወደ እኔ ይዞራል። «አንተስ፣ የመጽሐፉ ሰው፣ ምን ትላለህ?»

እኔም ሾርባው ጨው አንሶታል እላለሁ። ክብርት ሆይ፣ ሰው በተተፋበት ገበያ ዳግመኛ እንዲቆም ማንም ሊያስገድደው አይገባም፤ ቪላድስ እውነቱን ነው። የሚጠብቀውን ወዳጅ በጎረቤቶቹ ጥፋት ብቻውን መተውም አይገባም፤ አይናርም እውነቱን ነው። እናንተ ይህን ቋጠሮ ሾርባ እንኳ ሳትቀምሱ ስለፈታችሁት፣ ጥበባችሁን አደንቃለሁ።

ሦስተኛ፤ ይህኛው ቅሬታ ቀልድ አይችልም፤ ቢሆንም በትሕትና እጽፈዋለሁ።

የዚያች ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ብቻውን የሚኖር፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም፤ እናንተ የጻፋችሁት ይበቃዋል። በዓመት ውስጥ ማንነቱን ሳይደብቅ ከሰው ጋር ማዕድ የሚቀርበው ወዳጆቹ ለቅኝት በሚመጡባቸው ሁለት ሳምንታት ብቻ ነበር። አይናር ይህን ምስጢር ለአንድ ሰው ብቻ ተናገረ፤ እርሱም በየዓመቱ ለጉዞው የምታስሞሉት ቅጽ ነው። «ይህ የወዳጅነት ጉዞ ለምን ይቀጥል?» የሚል ጥያቄ አቅርባችሁለት፣ ውሸት የማያውቅ ሰው በመሆኑ እውነቱን ጻፈ። ምክር ቤታችሁም ጉዞውን ሰረዘና እውነቱን ለራሱ አስቀረው። በመግለጫችሁ አራተኛ አንቀጽ ላይ የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ የሚያገለግልበትን ቤተ ክርስቲያን፣ «በጨለማ የሚሠቃይ ወንድማችን» ከሚል ውብ ሐረግ ጋር አተማችሁት። ጨለማው ይጠብቀው እንደነበር አልተረዳችሁም፤ መብራት ማብራት በጎ ሥራ ነው ስለሚባል አበራችሁ።

በሦስተኛው ቀን አንቀጹ በዚያች ከተማ ቋንቋ ተተርጉሞ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ተቀበሉት። የዜማ መጻሕፍቱን በካርቶን አድርገው ከደጅ አኖሩለት፤ ያን ዕለት ዝናብ ነበር። ሃያ ዓመት ወተት ያመጣችለት ጎረቤቱ አሁን መንገድ ትሻገርበታለች። የኢዮብ ወዳጆች በንግግራቸው ቢወቀሱም፣ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ ተቀምጠዋል። እናንተ ከንግግሩ ጀምራችሁ መቀመጡን ለሌላ ጊዜ አቆያችሁት።

ባለፈው ሐሙስ ለአይናር ከኦርጋን መቺው አንዲት አጭር ደብዳቤ ደረሰችው። «ኦርጋኑን የሚመታው ስለሌለ መቃኘት አያስፈልገውም፤ አትድከሙ» ትላለች። አይናር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበባት። ቪላድስ የሾርባውን እሳት አጠፋ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ሻንጣውንም ይዞ ወረደ።

«ወዴት ነው?» አለው አይናር።

«ወደ እሱ ነዋ! እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አጠገቡ ማን ሊቀመጥ ነው? ያቺ ባለ ወተቷ?»

«አልሄድም ስትል አልነበረም እንዴ፣ የኔ ጌታ?»

«ያን ጊዜ የምቀረው ለራሴ ብዬ ነበር። አሁን ብቀር ለእነሱ መግለጫ ጌጥ ልሆን ነው። ብቻ ስማ፤ ዘንድሮ ‹ረዳቴ ነው› ብለህ ብታስተዋውቀኝ፣ ከመርከቡ ላይ ነው የምወረውርህ!»

ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ወፍራሙን ካፖርትህን ያዝ» አለኝ። እንግዲህ ሦስት ሆነን እንሄዳለን። የምንሄድበትን ቀን ምክር ቤቱ ሰንደቅ ይዞ ሊሸኘን እንዳይደክም ስል አልገልጽም።

አራተኛ፤ ስሙ እንዲነሣ አይናር በአካል፣ እኔም በጽሑፍ ከለመንን ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነን። የተሰጠን መልስ መግለጫውን ያወጡት ሠራተኛ ለዕረፍት ወደ ሞቃት አገር መሄዳቸውን ያስረዳል። ዕረፍታቸው ይባረክላቸው። ስምን ለመጻፍ አንድ ጣት ከበቃ፣ ለመፋቅ ግን የባለሙያው መመለስ የሚጠበቅ ከሆነ፣ እኔ በደወል ቤት ያደግሁ ሰው የዚህን ዘመን ረቂቅ ሥራ አላውቅምና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ደብዳቤ አንብበው ሳይጨርሱ፣ ክብርት ሆይ፣ የሰውየውን ስም ያስነሡልን። ማዕቀቡን ብታነሡትም ባታነሡትም እናንተ ታውቃላችሁ። መሄድም ሆነ መቅረት ምራቁ ለሚያርፍበት ሰው የተተወ ነው፤ ቪላድስ በቀረበት ዘመን አክብሬዋለሁ፣ ሲሄድም አብሬው እሄዳለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከማሳተሜ በፊት ለኦርጋን መቺው ስልክ ደውዬ ፈቃዱን ጠይቄአለሁ። «ስሜን ተወውና የቀረውን ጻፈው» አለኝ። ሰላምታውን ጨምሮ አራት ደቂቃ ፈጀብን። ምክር ቤቱ በዚያች ዕለት ይህንኑ አድርጎ ቢሆን ኖሮ፣ ለሰንደቁና ለፎቶግራፉ ሰባት ደቂቃ ይተርፈው ነበር።

በፍጹም አክብሮት፣ በጥልቅ አድናቆትና ጎንበስ ሲል ከሚያቃስት ወገቡ ጋር እጅ የሚነሣ፣ የክብርትነትዎ ታዛዥ ጎረቤት፤

ላውሪትስ ብሮግ
የቀድሞ ደወል ደዋይ፣ ቬስተርኔስ

ማሳሰቢያ፤ በውሳኔው ግርጌ በደቃቅ ፊደል እንደሰፈረው፣ ለአዲሱ አዳራሻችሁ ወለል ከዚያችው ከተማ የሚመጣው የጥድ እንጨት ማዕቀቡ አይነካውም። መልካም አድርጋችኋል፤ ጥዱ ማንንም አልበደለም። ደግሞም ያማረ፣ ከባድ ጫማ የሚችል እንጨት ነው፤ በሚቀጥለው ጉባኤ ያችን ከተማ ለማውገዝ ስትነሡ እግራችሁን አያዳልጣችሁም። ለእናንተም፣ ይህን ላነበባችሁም ሁሉ፣ እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ፣ ቤተሰባችሁን ይጠብቅ፣ በክፉ ቀናችሁም በራችሁን የሚያንኳኳ ሰው አያሳጣችሁ፤ አሜን።