ስንጥቁ የታየበት ቤት

ውድ ልጄ፣ ሰላምታዬ ከደጅህ እስከ ጓዳህ ይግባልህ። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

ስለ ቤቱ ጠይቀኸኝ ነበር፤ ውሉን አፍርሰነዋል። መጀመሪያ አባትህ ብቻውን ሄዶ አየውና «አለት የመሰለ ቤት ነው፤ እንፈርም» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ግንበኛ የነበረ፣ መንገድ ማዶ ቆሞ የሰው አጥር መጣመሙን የሚናገር ሰው እንዲህ ካለ እኔ ምን እላለሁ? ፈረምን። ደግነቱ ውሉ «መሐንዲስ አይቶት ጉድለት ካገኘ ገዢው መተው ይችላል» ይላል።

መሐንዲሷ ሳሎኑ ውስጥ እንደገባች ቀጥ ብላ ቆመች። ግድግዳው ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰንጥቋል፤ አውራ ጣት ያስገባል። አባትህ እዚያው ፊት ለፊቱ ቆሞ «የቱ ጋ?» አላት። እጁን ይዛ አስነካችው። «ቀለሙ አሳስቶኝ ነው» አለ። እኔም «አዎ፣ ቀለሙ ነው» አልኩ። ግድግዳው ነጭ ነበር። ሻጩም ቢያጉረመርም ስንጥቁን ስታሳየው ውሉ እንዲፈርስ ተስማማ።

ያለንበት ቤት ይበቃናል። አባትህ ደረጃውንም በሩንም ለምዶታል፤ እኔም ዕቃ ከቦታው ማንቀሳቀስ ትቻለሁ። ከሥራው ለጊዜው አረፍ ብሏል። ጋዜጣውን የማነብለት እኔ ነኝ፤ «ድምፅሽ ደስ ይለኛል» ይላል። ይኸው ካረጀሁ በኋላ ድምፄ አማረው!

ስትመጣ እንደ ልማድህ ኮቴህን አጥፍተህ ፊቱ ድንገት አትቁም። ከበሩ ጀምረህ «አባዬ፣ እኔ ነኝ» እያልክ ግባ፤ ደስ ይለዋል። መምጫህንም አታርቀው።

ዓይን ለዓይን ያገናኘን፤ ቶሎ።

እናትህ