በገዛ እጄ ያሸግሁት ሊፍት

የካቲት 4፣ ሰኞ
ጠዋት አሥር ኪሎ ሜትር። ጉልበቴ ደህና ነው። ቢሮ ስደርስ የመስክ ትእዛዝ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። ስድስት ሳምንት፣ ስድስት ከተማ፣ የሊፍት ምርመራ። ብቻዬን።

ለምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው? ባለፈው ወር የባለ አሥራ አራት ፎቁ ሕንፃ ሊፍት ፍሬኑ አልቆ አገኘሁት። "ደህና ነው ብለሽ ፈርሚ" ተባልኩ፣ እምቢ አልኩ። ያለ እኔ ፊርማ ስለማይነሳ እስካሁን ቆሟል። አለቃችን (በሌለበት "ቶሎ በሉ" እንለዋለን) የምሮጥበት ማራቶን መጋቢት 15 መሆኑን ያውቃል። "ሩጫ ትወጂ የለ? እንግዲህ ሩጪ" አለኝ። ከፈረምኩ ጉዞው ይቀራል።

ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። ጫማው ከታች፣ የእጅ ባትሪው ከላይ።

የካቲት 5
የሩጫ ክለባችን አሠልጣኝ ጋ ሄድኩ። እስከ የካቲት 24 ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ያልሮጠ ከክለቡ የመሮጫ ቁጥር አያገኝም። ለኔም ያው ነው።
"ማን ያይልኛል፣ ጋሼ?"
"ደብተርሽ።"

የካቲት 10፣ እሑድ
የመጀመሪያዋ ከተማ ያላት አስፋልት አንድ ነው፣ ከመናኸሪያ እስከ ሲሚንቶ ፋብሪካው በር አራት ኪሎ። አራት ጊዜ ደርሼ መልስ። በሦስተኛው ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ "እህቴ፣ የጠፋብሽን ንገሪንና አብረን እንፈልግ" አለ። ሳቅ ትንፋሼን ቆረጠው።
32።

የካቲት 14
አራት ሊፍት። ቅባት እስከ ክርኔ። ሩጫ የለም። እማዬ ደውላ፣ ማን ነው የሚያሳድድሽ አለች... ምን ልበላት?

የካቲት 16
የማድርበት ሆቴል ሊፍት ተራው ደረሰ። በሩ ሳይገጥም ይነሳል። አሸግሁት። ክፍሌ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ነገ ረጅም ሩጫ... ትዝ ያለኝ ወረቀቱን ከለጠፍኩ በኋላ ነው። ጎበዝ!

የካቲት 17፣ እሑድ
ሃያ ዘጠነኛው ኪሎ ላይ ዝናቡ መንገዱን ወንዝ አደረገው። ቆምኩ።

ሆቴል በር ላይ ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ልጄ፣ ያሸገው ያንቺው እጅ አይደል? ለአንድ ጊዜ ቢፈታው ማን ያያል?" አሉ። ከልባቸው አዝነውልኝ ነው። በደረጃ ወጣሁ። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ደረጃ። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጬ ራሴን ሰደብኩ።

ደብተሩ ፊቴ ተዘርግቷል። 32 ብጽፍስ? ደረጃውን ብደምርበትስ?
29።

የካቲት 18
ለአሠልጣኙ ደውዬ ሃያ ዘጠኝ አልኩት። "አንድ እሑድ ይቀርሻል" አለና ዘጋው።

ከሰዓት ደግሞ ቶሎ በሉ። ድምፁ ማር። አንድ ፊርማ ብቻ፣ ነገ ቤትሽ ነሽ አለ። ፍሬኑ ተቀየረ ወይ አልኩት። ስለ አየሩ ጠየቀኝ።

የካቲት 24፣ እሑድ
ሦስተኛ ከተማ። የእግር ኳስ ሜዳ ዙሪያ ሰማንያ ጊዜ፣ ዙሩ አራት መቶ ሜትር። ጭንቅላቴ ዞረ። ግን 32። የመሮጫ ቁጥር ተፈቀደልኝ።

መጋቢት 11
አዲስ ትእዛዝ፣ ሦስት ከተማ ተጨመረብኝ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሥራ፣ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ። ከማራቶኑ ማግስት! ቀን መርጦ ነው። ይምረጥ።

መጋቢት 15፣ እሑድ
ሦስት ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ። ሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ላይ ሁሉም ሰው ጥሎኝ ሄደ መሰለኝ... ከዚያ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ደረጃ አሰብኩ። ወጣሁት አይደል? አሠልጣኙ መጨረሻው ላይ ውሃ ሰጠኝና፣ "ሃያ ዘጠኝ ያልሽኝ ቀን ነው ቁጥሩን ያዘጋጀሁልሽ" አለኝ። ከነላቤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

መጋቢት 16
ዘጠኝ ፎቅ፣ ሞተሩ ጣሪያ ላይ። ሳልመረምረው አልሳፈርበትም፣ ስለዚህ በደረጃ። እግሬ የኔ አይመስልም።

ጣሪያው ላይ ሳለሁ ቶሎ በሉ ደወለ። የባለ አሥራ አራት ፎቁ ሕንፃ ባለቤት የሊፍቱ መቆም ሰልችቶት ፍሬኑን አስቀይሯል። ነይና ፈርሚ፣ የመስኩ ነገርም ይብቃሽ አለ። ድምፁ ውስጥ ማር የለም።
"መጥቼ አያለሁ። ደህና ከሆነ እፈርማለሁ" አልኩት። "መስኩን ግን አይሰርዙብኝ። ሁለት ከተማ ይቀረኛል።"
ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ በይ ሳይለኝ ዘጋው።

ስወርድ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። የደረጃውን ድጋፍ ይዤ ወደ ኋላ እየሄድኩ ወረድኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች።
"እናንተ እንዲህ ነው እንዴ የምትመረምሩት?"
"ዛሬ እንዲህ ነው" አልኳት።