የኋላው በር አልዘጋ ብሎ

ሰኞ፣ ጥር 25

ሱቁን ቶሎ ዘጋሁ። ወደ ላይ የሚከፈተውን የመኪናዋን የኋላ በር የዳር ጎማ ዙሪያውን አስቀየርኩ። አሮጌው ተበጣጥሶ አቧራ ያስገባ ነበር። እማ ወደ ቢቸና ስትመለስ ኋላ ተኝታ ነው የምትሄደው... ወንበሩን አጥፌ ፍራሽ ላነጥፍላት ነው። ጭኗ ከተሰበረ ወዲህ ብዙ መቀመጥ ያማታል።

ረመዳንን በቤቴ ነው የምይዘው ብላ ችክ ብላለች። እዚህ ሞጣ ምን ጎደለባት? ባለቤቴ ሐናን እንደ ወላጅ እናቷ ነው የምትንከባከባት።

ማጣበቂያው እስኪደርቅ በሩን አትዝጋው ስላሉኝ ገርበብ እንዳለ ወደ ቤት ተመለስኩ። ወደ ኋላ ልገባ ስል የግቢውን ግንብ ነካሁት። ትንሽ ነው። የመኪናዋ ላሜራ ከኋላ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ አለ። ከዚያ ወርጄ በሩን ልዘጋው ብል... አልዘጋ አለኝ። ጫንኩት፣ ተመልሶ ተነሣ። ደግሜ ጫንኩት። ተነሣ። ወይ ጉድ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ከሱቅ በፊት አንድ ሰዓት ከበሩ ጋር ታገልኩ። ሐናን ከቤት ወጥታ "ኧረ ቀስ! መስታወቱን ልትሰብረው ነው!" አለች። እኔ ምን ላድርግ?

ግራሶ ቀባሁት። መንጠቆውን በካቻቪቴ ስጫነው ቀጭ ይላል። እጀታውን ስስብ ይለቃል። ቁልፉ ደህና ነው ማለት ነው። ታዲያ በሩን ስዘጋው ምን ሆኖ ነው የማይዘው? ግንቡ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

እህቴ ነጅዋ ከቢቸና ደወለች። "እማን መቼ ነው የምታመጣት? ቤቱን አስለስኜ ጨርሻለሁ እኮ።" በሩ ተበላሽቷል አልኳት። "እህ" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ያቺን "እህ" አውቃታለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 28

መካኒኩ ባንተአምላክ ጋ ወሰድኳት። ከኋላ የገባውን አይቶ "በቃ፣ ይሄ ነዋ!" አለ። ሳይጠራጠር። በመዶሻ ቀጠቀጠ፣ ከታች መንጠቆውን የምትይዘዋን ብረት ፈታ፣ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ አሰረ። በሩን ሁለት እጁን ጭኖ በደረቱ ተኛበት። ተዘጋ! አልሃምዱሊላህ ብዬ ወጣሁ።

መናኸሪያው ጋ ያለው ጉድጓድ ላይ ስደርስ ዷ ብሎ ተከፈተ። ለሱቅ የጫንኩት የአንሶላ ጥቅል አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። የባጃጅ ሹፌር ከኋላዬ ጥሩምባ እየነፋ "በርህ! በርህ!" ይላል። አየሁት እኮ ወንድሜ... አየሁት።

ዓርብ፣ ጥር 29

አሁንም አልዘጋ ብሏል። ዛሬ ስለሱ የሚጠይቀኝ ሰው ባይኖር ደስ ይለኛል።

እሁድ፣ የካቲት 1

እማ ጠራችኝ። አልጋዋ ጫፍ ተቀመጥኩ።

"በሩ ተሠራ?"

"አልተሠራም እማ። እያየሁት ነው።"

"አውቀህ ነው የማታሠራው።"

ወላሂ ደሜ ፈላ። ሥራ ፈትቼ፣ እጄ በግራሶ ተጨማልቆ፣ ሰው ስቆብኝ... አውቄ? "እማ፣ እንዴት እንደዚህ ትያለሽ?"

"ክራንቹን ማነው ቁም ሳጥኑ ላይ የሰቀለው? ሐኪሙ ትለማመድ አላለም? ትወድቂያለሽ፣ ትወድቂያለሽ... ሦስት ወር ሙሉ አልጋ ላይ። እኔ ሕፃን ነኝ?"

ወጥቼ የመኪናዋን በር አጋጨሁት። ተነሣ። በእግሬ መታሁት። እግሬን አመመኝ።

ብትወድቅስ ግን? ማን ነው የሚጠየቀው? ነጅዋ ናት? እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

በገመድ ልሰረው አልኩ። ከበሩ እጀታ ወደ ታች አጥብቄ አሰርኩና ለእማ አሳየኋት። ሐናን ደግፋት መስኮት ድረስ መጥታ ነበር። አየችና "እንደ ገበያ በግ ታስሬ ቢቸና አልገባም። ሰው ምን ይለኛል?" አለች። ሐናን ፊቷን አዙራ ሳቀች። እኔን አላሳቀኝም።

ባንተአምላክ ጋ ተመለስኩ። ብረቷን አሁን ደግሞ ወደ ጎን ሳብ አደረጋት። ጭራሽ ባሰ። አሁን በደረት ቢተኙበትም አይዘጋም። "ላሜራ የሚያቃና ሰው ፈልግ፣ ከኔ አቅም በላይ ነው" አለኝ። ታዲያ ያን ቀን "ይሄ ነዋ" ያለው ማነው? ተነጋገርን። ጥሩ ንግግር አልነበረም።

የቢቸናው መንገድ ሰሞኑን ክፍት ነው ይላሉ። በሚመጣው ሳምንት ይዘጋ አይዘጋ ማን ያውቃል? ረመዳን ደግሞ ደረሰ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ጎማው ነው! ጎማው!

ሐናን ናት ያገኘችው። ጠዋት በሩን ግማሽ ድረስ ይዤ እያጉረመረምኩ፣ መጥታ ጎንበስ ብላ ዙሪያውን አየች። "ግንቡ ቢሆን ባንድ በኩል አልነበር የሚከፈተው? ይሄ እኮ ዙሪያውን እኩል ነው።" አየሁ። እውነትም እኩል ነው። ከዚያ አዲሱን ጎማ በጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ "ይሄ ከድሮው አይወፍርም?" አለች።

አሮጌውን ከቆሻሻ መጣያው ጎትቼ አወጣሁት። ጎን ለጎን አደረግኩት። የአዲሱ ውፍረት እጥፉ ነው! መንጠቆው ብረቷ ጋ ሳይደርስ ጎማው በሩን ይገፋዋል። አቧራ እንዳይገባባት ብዬ ወፍራሙን የመረጥኩት እኔው ነኝ... ባለሱቁ ቀጭኑን ሲሰጠኝ እንኳ መልሼለት!

ጎማውን ላጥኩት። ብረቷን ወደ ቦታዋ መለስኳት። በአንድ እጅ ገፋሁት። ቀጭ።

ስንት ጊዜ እንደከፈትኩና እንደዘጋሁ አላውቅም። ባንተአምላክ ጋ ደወልኩና ነገርኩት። "እኔስ ለምን አላየሁትም!" ብሎ ሳቀ። ይቅር ተባባልን።

ለእማ ስነግራት "ታዲያ መቼ ነው የምንሄደው?" አለች።

እሁድ፣ የካቲት 8

አደረስኳት። አሮጌውን ጎማ በማጣበቂያ ለጥፌው ስለነበር አቧራው ገባ። ሻሿን አፏ ላይ ጣል አድርጋ መንገዱን ሙሉ ስታወራ ሄደች። የማን እርሻ እንደሆነ፣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ... በመስታወት አያታለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ቤቴ ውስጥ ይህን ያህል አውርታ ታውቃለች? ግንደወይን ስንደርስ "አቁም፣ ቀና ልበል" አለች። ትንሽ ደግፌያት ተቀመጠች።

ቢቸና ነጅዋ ደጅ ቆማ ትጠብቅ ነበር። የሚሸከሟት ሁለት ጎረምሶች ለምኜ አመጣሁ። እማ በእጇ መለሰቻቸው። "ክራንቹን አምጡ።" ልናገር አፌን ስከፍት ነጅዋ ክንዴን ያዘችኝ። እማ ቆመች። አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ። ከመኪናው እስከ ቤቷ ደጃፍ ያለው መንገድ እንዲህ ረጅም መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅኩት። ላቧ በግንባሯ ወረደ። ገባች።

እጄን የማደርግበት አጥቼ ፍራሹን አራገፍኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ፆም ገብቷል። ከዙሁር ሶላት በኋላ ነጅዋ ደወለች፤ ድምጿ ይቆራረጣል። እማ ጠፍታ ነበር! ሲፈልጓት ሲፈልጓት በጎረቤቷ በፈንታነሽ ደጅ ተቀምጣ፣ ክራንቿን ግድግዳ አስደግፋ ስትስቅ አገኟት። ብቻዋን ነው የሄደችው። በዚያ ኮረኮንች!

"ስልኩን ስጫት" አልኩ። ተቆጥቻለሁ።

"እማ፣ ብትወድቂስ?"

"ከወደቅኩ እነሣለሁ። ካልተነሣሁ ፈንታነሽ ታነሣኛለች። አንተ ሱቅህን ጠብቅ።"

የምለው ብዙ ነበር። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ሐኪሙ እንዲህ ብሏል፣ ነጅዋን አስከትዪ... ከኋላዋ የፈንታነሽ ሳቅ ይሰማኛል።

"እሺ እማ" አልኳት።

"ምን አልክ?" አለች፤ ደገምኩላት። እሺ።