ስለ አንድ ወጣት የስምንት ወር ዕድሜ ቅናሽ

ለተከበሩ የወጣቶች የሥራ ምዝገባ ኃላፊ፤

ስምዎን በአደባባይ መጥራት ድፍረት ስለሆነብኝ በማዕረግዎ ብቻ ጠርቼ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ ይሁን እያልኩ ከቆሰበር ከተማ ዳርቻ እጅ እነሣለሁ። የልጅ ልጄ አዝመራው ባለፈው ሰኞ ከደጅዎ ባዶ እጁን ስለተመለሰ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ቤት ለዋለባቸው ስምንት ወራት፣ የት እንደነበረ ማስረጃ እንዲያመጣ ስላዘዙት አመሰግናለሁ። ትምህርቱ በስልክ ይላካል ስለተባለ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ በፈረሴ እየወጣ ሲጠብቅ ነበር። ፈረሱ ይመስክር እንዳልል ማኅተም የለውም።

ሁለተኛ፣ እነዚያን ወራት ለትምህርትም ለሥራ ልምድም አይያዙም ካሉ በኋላ ለዕድሜው ግን አንድ ቀን ሳያጎድሉ ስለቆጠሩለት እግዜር ይስጥልኝ። ምዝገባው እስከ ሠላሳ ዓመት ነው፤ «አንተ በአራት ወር አልፈሃል» ተባለ። እኛ አገር ፈረስ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል እንጂ ወረቀት አይጠየቅም። የልጁም ጥርስ ሙሉ ነው፤ ገለጥ አድርገው ይዩት።

ሦስተኛውን ሳልቀልድ ልጽፍ ነበር፤ አመሌ እንቢ አለኝ። አዝመራው ድሮ ስተርበው መልስ አያጣም ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ለምዷል። በቀደም፣ «አንተ ልጅ፣ ጡረታ አብረን እንውጣ» ስለው፣ «እርስዎስ ሠርተው ነው፣ አባባ» ብሎኝ ወጣ። በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ቀልድ ተናግሬ ያፈርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ምዝገባው ዓርብ ይዘጋልና፣ ልመናዬ ያልያዙለትን ስምንት ወር ከዕድሜውም እንዲቀንሱለት ነው። አራት ወር ይተርፈዋል፤ እሱን ለተለመደው «ነገ ተመለስ» ያውሉት። የተቀነሰው የግድ በሰው ስም መመዝገብ ካለበት በእኔ ላይ ይጻፉት፤ ይህን ሁሉ ዘመን የተሸከመ ትከሻ በስምንት ወር አይጎብጥም።

ዓርብ ጠዋት ከዘበኛዎ ቀድሜ ደጅዎ የምገኝ፣ በከፍተኛ አክብሮትና በዝቅተኛ ተስፋ የምሰግድልዎ፣

ወገኔ ሽመክት

ማሳሰቢያ፦ «ቤትዎ ይቆዩ» የሚለው የኮሮና ጊዜ ማስታወቂያ ከቢሮዎ በር ላይ እስካሁን አልተነሣም። ልጁ እየታዘዘ ነው፤ ትእዛዙ ተሽሮ ከሆነ ይንገሩት።