ከሦስት ጥንድ ካልሲ ጋር የተላከ

ለምወድህ ልጄ ለስቴርዮስ፤ ናፍቆቴ ተራራውን ተሻግሮ አልባኒያ ድረስ ይድረስህ። እኔም፣ አጎትህ ላምብሮስም፣ በጎቹም ደህና ነን።

እኛ ሴቶቹ ለጦሩ የጥይት ሳጥን በጀርባችን ተሸክመን ሽቅብ እናወጣለን። አጎትህ ደግሞ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ጦር ይመራል።

«ያኔ ቱርክን በወጋንበት በአናቶሊያ ዘመቻ ሜዳው ጨረሰን፤ ውሃ ጠማን፣ ስንቅ አልደርስ አለን። አሁን ግን ተራራው ከኛ ጋር ነው! የጣሊያን ታንክ ጭቃ ውስጥ ሲዳክር የግሪክ በቅሎ ሽቅብ ትወጣለች» ይላል።

«ብርዱስ ከማን ጋር ነው?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ!» ብሎ እሳቱን መቆስቆስ ጀመረ።

የጎረቤታችን የአሌክሶ ልጅ ሚቾስ ከናንተ ግንባር በቃሬዛ መጥቷል። በረዶው ነው እንጂ አንድም ጥይት አልነካውም፤ ይበላል፣ ይቀልዳል። እናቱ ግን አዲሱን ጫማውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጠችው። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ልኬልሃለሁ፤ ደራርበህ አድርግ። እርጥቡን እግርህ ላይ እንዳታደርቀው፣ አደራ። የበፊቶቹን መልሰህ ላክልኝና ልስፋልህ። ሳይታጠቡም ላካቸው፣ አልቆጣህም። ተረከዛቸው በመንገድ ብዛት አልቆ ቢመጣ ደስታዬ ነው።

እመቤታችን ከፊት ከኋላህ ትሁን።

እናትህ ቫሲሎ